የሙዚቃ ቀረጻውን ማን ያዳምጠዋል?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ተቀምጦ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቫዮሊን ያስተማረ ወላጅ፣ ልጁ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ ይህ ሁሉ ልፋት ለኮሌጅ ይጠቅም ይሆን? ጥያቄው በተለይ የሚከብደው ዊልያምስን፣ አምኸርስትን፣ ስዋርዝሞርንና ፖሞናን የመሳሰሉ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ላይ ነው። የተማሪዎቻቸው ቁጥር ከ2,000 ብዙም አይርቅም፤ ከአመልካቾቻቸው አብዛኛውን ይመልሳሉ። ኦርኬስትራቸው ውስጥ ደግሞ ሙዚቃን ዋና ትምህርቱ ያላደረገ፣ ኬሚስትሪ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ሞልቷል።

ሙዚቃ ማመልከቻው ላይ የሚገባው እንደ ተጨማሪ ነው። ተማሪው ስልታቸው የተለያየ ሁለት ሥራዎችን ይቀርጽና በኢንተርኔት ይልካል፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። የሚያዳምጠው በአብዛኛው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል መምህር ነው። እሱ ደረጃ ይሰጣል፣ ከፈለገም አጭር አስተያየት ይጽፋል፤ ይቀበሉ አይቀበሉ ብሎ የሚወስነው ግን የቅበላ ጽሕፈት ቤቱ ነው። መምህሩ ብዙ ቀረጻ ስለሚሰማ የድምፁን ጥራት ለመለየት ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። ከባድ ኮንቼርቶ እየተንገዳገዱ ከመጫወት ቀለል ያለውን አጥርቶ መጫወት ይሻላል።

ወላጆች እምብዛም የማያስቡት የመሣሪያውን ዓይነት ነው። ፒያኖና ቫዮሊን የሚጫወት አመልካች በሽ ነው። ባሱን፣ ኦቦ ወይም ቫዮላ የሚጫወት ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ያለው ተጫዋች ተመርቆ ከሄደ ቦታው ባዶ ይቀራል። የትኛው ወንበር ክፍት እንደሆነ ለአመልካቹ የሚነግረው የለም፤ ክፍት ወንበር መገኘቱ የዕድል እንጂ የብቃት ጉዳይ አይደለም። ደግሞም የስፖርት አሠልጣኝ የሚፈልጋቸውን ልጆች ስም ይዞ ለቅበላ ጽሕፈት ቤቱ ሲሟገት፣ የኦርኬስትራ መሪ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሙዚቃን የሙጥኝ ላለ ልጅ ሌላ መንገድ አለ። ኦሃዮ የሚገኘው ኦበርሊን እ.ኤ.አ. በ1833 የተመሠረተ ኮሌጅ ሲሆን በ1865 የተመሠረተ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) አለው። በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ ያስይዛል። ነገር ግን ኮሌጁና ኮንሰርቫቶሪው የሚወስኑት ለየብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ተቀብሎ ሌላው ሊመልስ ይችላል።

ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወተውስ? ኮነቲከት የሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የጃቫን ጋሜላን፣ የደቡብ ሕንድን ሙዚቃና የምዕራብ አፍሪካን ከበሮ ሲያስተምር የቆየ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም ማሲንቆ ሲሰማ ግራ አይጋባም፤ ልጁ የራሱን ይዞ ቢቀርብ ከመቶኛው ቫዮሊን ይልቅ የሚታወስ ይመስለኛል።

ያም ሆነ ይህ የደከመ የትምህርት ውጤትን ሙዚቃ አያነሳውም። የሚረዳው ውጤታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ሲፎካከሩ ነው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የልጁን የሙዚቃ መምህር በግልጽ ጠይቁት፤ ካመነታ ቀረጻው ይቅር፣ ሙዚቃው በትርፍ ጊዜ ተግባራት ዝርዝር ላይ ይጻፍ። ጎበዝ ነው ካለ ግን በበጋው እረፍት መቅረጽ ጀምሩ፤ ቀድሞ ለሚያመለክት ቀነ ገደቡ ኖቬምበር፣ ለሌላው አብዛኛውን ጊዜ የጃንዋሪ መጀመሪያ ነው።