ጫጫታን በጫጫታ የሚያጠፋ ሄድፎን

ቦሌም ይሁን መርካቶ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ገመድ አልባ ሄድፎን የሚሸጥ ሁሉ ንግግሩ አንድ ነው፤ «አንዴ ካጠለቁት ምንም አይሰሙም!» ገዢ አምኖ ይወስዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሲያጠልቀው የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ይሰማዋል፤ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማዋል፤ ልጅ ሲያለቅስማ ጭራሽ ጎልቶ ይሰማዋል። በማግስቱ ዕቃውን ይዞ ይመለስና «አይሠራም» ብሎ ይሟገታል። ብዙውን ጊዜ ሄድፎኑ ምንም አልሆነም። ይህ ዕቃ ከጫጫታ ሁሉ መርጦ የሚያጠፋው አንድ ዓይነቱን ነው፤ የትኛውን እንደሆነ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ሦስት መቶ ዶላር አውጥቶም ሊያዝን፣ ሰማንያ ዶላር አውጥቶም ሊደሰት ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ከድምፅ መጀመር ያስፈልጋል። ድምፅ አየር እየተጨመቀና እየላላ የሚጓዝበት ሞገድ ነው። አንዱ ሞገድ ሲጨመቅ ሌላው በዚያው ቅጽበት በዚያው ልክ ከላላ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ የጉብታው አፈር ተዝቆ ጉድጓዱን ሲሞላው መሬቱ ደልዳላ እንደሚሆን ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ለፈጠራ መብት ያበቃው ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአገሩ አመለከተ፣ በ1936 ደግሞ የአሜሪካን ፓተንት አገኘ። የሉግ ሐሳብ በቱቦ ውስጥ የሚሄድን ድምፅ ለማጥፋት ነበር። በወረቀት ላይ ያማረውን ነገር በተግባር የሚያውል ፈጣን ኤሌክትሮኒክስ ግን በጊዜው አልነበረምና ረጅም ዘመን መጠበቅ ግድ ሆነ።

ወደ ጆሯችን ያደረሰው የአውሮፕላን ጉዞ ነው። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበሩ አየር መንገዱ የሰጣቸውን ሄድፎን አድርገው ሙዚቃ ለመስማት ሞከሩ። የሞተሩ ጉምጉምታ ሙዚቃውን ዋጠባቸው። ወረቀት አውጥተው ስሌቱን እዚያው ወንበራቸው ላይ ጀመሩ ይባላል። ከዚያ በኋላ ኩባንያቸው ከአሥር ዓመት በላይ ለፋበት። እ.ኤ.አ. በ1986 ቮየጀር የተባለችው አውሮፕላን ሳታርፍና ነዳጅ ሳትሞላ ዓለምን ስትዞር፣ ዘጠኝ ቀን የፈጀውን በረራ ያደረጉት ሁለቱ አብራሪዎች የቦዝን የሙከራ ሄድፎን ይዘው ነበር። በ1989 ለአብራሪዎች የሚሸጠው ወጣ፤ ለተራው ተሳፋሪ የሚሆነው ኳይት ኮምፈርት ደግሞ በ2000 ገበያ ላይ ዋለ። ገመድ አልባው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። መሣሪያው የተወለደው የሞተር ድምፅን ለማጥፋት ነው፤ ዛሬም ጎበዝ የሆነው በዚያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጆሮን በሚሸፍኑት ሁለት ጽዋዎች ላይ ከውጭ በኩል ጥቃቅን ማይክሮፎኖች አሉ። የአካባቢውን ድምፅ ይቀበሉና ውስጥ ላለችው ቺፕ ይሰጣሉ፤ ቺፗ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሠርታ በስፒከሩ በኩል ትለቃለች። ጥሩ ጥሩዎቹ ከውስጥም፣ ከጆሮው አጠገብ፣ ሌላ ማይክሮፎን አላቸው፤ ሥራው ሾልኮ የገባውን እየሰማ «ይህ ቀርቷል» ማለት ነው። የሶኒ ደብልዩኤች-1000ኤክስኤም5 ለዚህ ሥራ ስምንት ማይክሮፎን ተደርጎለታል። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ወይም ከውስጥ በአንዱ ብቻ ይወሰናሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜ ይሄዳል፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። እንደ ጄኔሬተር ጉርምርምታ ያለ 100 ኸርዝ አካባቢ የሚገኝ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ዝግ ብሎ ስለሚለዋወጥ ቺፗ ቀድማ ትደርስበታለች። 5000 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ግን ሞገዱ ከሰባት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እዚህ ላይ የሰከንድ ሽራፊ ብትዘገይ ተቃራኒው ድምፅ ቦታውን ይስታል፤ ከማጥፋት ይልቅ መጨመርም ይመጣል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱ በደንብ የሚሠራው ከ1000 ኸርዝ በታች ባሉት ድምፆች ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚያግደው ጆሮን የከበበው ስፖንጅ ነው፤ ባትሪም ቺፕም አያስፈልገውም።

ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ይጠፋል፤ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ረዳት ግን ትንሽ ራቅ ብሎ ይጣራል እንጂ አይጠፋም። ከጎን ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ የሲሚንቶ ማቡኪያው ጉርምርምታ ይሄዳል፣ የግራይንደሩ ፉጨት ይቀራል። ሞንታርቦ የተከለ ድግስ ሰፈር ውስጥ ካለ የቤዙ ድብደባ ይቀንስና ዘፋኙ ይቀራል፤ ለምን የተሻለ እንደሆነ ባላውቅም አንዳንዱ ሰው ይህን ይመርጣል። የሰው ንግግርም እንደዚያው ነው፦ ጎርናናው ክፍል ይነሳና ቃሉን የሚያስለየው ቀጭኑ ክፍል ይቀራል። በፀጥታው ውስጥ የጎረቤት ወሬ ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። መላው ዝቅ ያለ ሙዚቃ መክፈት ነው፤ የቀረውን እሱ ይሸፍነዋል። ድንገተኛ ነገር፣ ጥሩምባም ሆነ የበር ጓ ማለት፣ ይሰማል።

እንግዲህ ቀን ከሌት የሚያስቸግርዎ ጄኔሬተር፣ ቬንትሌተር፣ አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ከሆነ ይህ ዕቃ ይክስዎታል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ድረስ ለሚበር ሰው ከምንም ነገር በላይ ነው። ችግርዎ የቢሮ ወሬ ብቻ ከሆነ ግን ከቺፑ ይልቅ የስፖንጁን ጥራት ይመልከቱ። ችግሩ አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ማንኮራፋት ከሆነማ ሄድፎን አድርጎ መተኛት ራሱን የቻለ ፈተና ስለሆነ ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ይግዙ፤ ዋጋው አይገናኝም።

የመፈተኛው ዘዴ ቀላል ነው። ሱቁ ውስጥ ሙዚቃ አያስከፍቱ፤ ሙዚቃ ሁሉንም ሄድፎን ያሳምራል። ጄኔሬተር ወይም ፍሪጅ ወይም ቬንትሌተር ያለበት አካባቢ ይጠጉና ሄድፎኑን ባዶውን ያጥልቁት። ጫጫታ ማጥፊያውን ያብሩ፣ ያጥፉ፣ ደግመው ያብሩ። ልዩነቱ በማያሻማ ሁኔታ መሰማት አለበት። ቀጥሎ ሁለቱን ጽዋዎች በመዳፍዎ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዎ ይጫኑ። ሲጫኑት ጉርምርምታው በጣም ከቀነሰ ስፖንጁ ራስዎ ላይ አልገጠመም ማለት ነው፤ አየር የሚገባበት ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ወፍራሙ ድምፅ ገብቶ ቺፗ የደከመችበትን ያፈርሰዋል። መነጽር ያደረገ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ የመነጽሩ እጀታ ስፖንጁን አንስቶ ቀዳዳ ይከፍታል። ሹሩባ፣ ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ትልቅ ጉትቻ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ዘወትር በሚለብሱት ሁኔታ ሆነው ካልሞከሩት ፈተናው ፈተና አይደለም። እኔ ብጠየቅ በደንብ የሚገጥም መካከለኛ ሄድፎን ከማይገጥም ውድ ሄድፎን ይሻላል እላለሁ።

እያደረጉት ጥቂት ይቆዩ። የጆሮዎ ጫፍ የጽዋውን ውስጠኛ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ያማል። አናትዎ ላይ የሚያርፈው ክብደትም ይለያያል፦ የሶኒው 250 ግራም ገደማ ሲሆን የአፕል ኤርፖድስ ማክስ በብረቱ ምክንያት ወደ 385 ግራም ይጠጋል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ቆዳ መሰሉ ስፖንጅ ላብ በላብ ያደርጋል። አንዳንዱ ሰው ማጥፊያው ሲበራ አውሮፕላን ሲነሳ የሚሰማው ዓይነት የጆሮ መደፈን ይሰማዋል። የአየር ግፊቱ አልተለወጠም፤ ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ሲጠፋ አእምሮ የሚሰጠው ትርጉም ነው። መላው የማጥፊያውን ኃይል ዝቅ ማድረግ የሚቻልበትን ሞዴል መምረጥ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ነገር ግን ብዙ ሰው ያስታል። ኤኤንሲ የሚለው እስካሁን ያወራንለት ነው። ኢኤንሲ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ስልክ ሲያወሩ ማይክሮፎኑ የአካባቢዎን ጫጫታ ቀንሶ ድምፅዎን ለወዲያኛው ሰው የሚያደርስበት ዘዴ ነው። ተጠቃሚው ከእርስዎ ጋር የሚያወራው ሰው እንጂ የእርስዎ ጆሮ አይደለም። ርካሽ ሄድፎኖች ይህችን አንድ ፊደል ተማምነው «ጫጫታ ያጠፋል» ይባላሉ፤ ቃሉ ውሸት አይደለም፣ የእርስዎን አይደለም እንጂ።

ኮፒውም በዝቷል። በተለይ ኤርፖድስ ማክስ ተቀድቶ ተቀድቶ አንዳንዱ አይፎን ላይ ሲገናኝ የሚመጣውን ሥዕል ሳይቀር ያሳያል። በእጅ ሲይዙት ግን ኮፒው ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። መለያ ቁጥሩን በአምራቹ ገጽ ላይ ማየት፣ የሶኒ ከሆነ ደግሞ የራሱ መተግበሪያ ያውቀው እንደሆነ መሞከር ያዋጣል። ከሁሉ የሚያጋልጠው ግን የጄኔሬተሩ ፈተና ነው፤ የቅርጹን ያህል ቺፑን መቅዳት ቀላል አይደለም።

ስለ ድምፅ ጥራት ሻጭ ኤልዳክ፣ አፕቲኤክስ እያለ ሊያሰለችዎ ይችላል። እነዚህ ድምፁ በብሉቱዝ የሚጨመቅባቸው መንገዶች ናቸው። ስልክዎ አይፎን ከሆነ ሁለቱንም አይጠቀምም፤ ለኤልዳክ ብለው ተጨማሪ አይክፈሉ። ከዚህ ይልቅ ሄድፎኑ ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር በአንድ ጊዜ መገናኘት መቻሉ ለቢሮ ሰው ይጠቅማል። የገመድ ቀዳዳም አይናቅ፤ የአውሮፕላን ወንበር ላይ ያለውን ፊልም ለመስማት ገመድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ኤርፖድስ ማክስ ደግሞ የተለመደው 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የለውም። ባትሪ ዛሬ ችግር አይደለም። ሶኒው ማጥፊያው በርቶ 30 ሰዓት፣ የሴንሃይዘር ሞመንተም 4 እስከ 60 ሰዓት ይሄዳል፤ መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋም ያደርሳል።

ዋጋውን ካነሳን የሶኒው ኤክስኤም5 ሲወጣ 400 ዶላር፣ ኤርፖድስ ማክስ 549 ዶላር፣ የአንከር ሳውንድኮር ላይፍ ኪው30 ደግሞ 80 ዶላር ነበር። ኪው30 የሞተር ጉርምርምታን በመቀነስ ከዋጋው በላይ ይሠራል፤ የሚያንሰው ንግግርን በመቀነስና በአሠራር ጥራት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለዎትና መካከለኛ ገንዘብ ካለ፣ የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤክስኤም4 ነው። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ዋጋው ወርዷል፤ ደግሞም ይታጠፋል። ኤክስኤም5 አይታጠፍም፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይፈጃል። ሶኒም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም መሰለኝ፣ በ2025 ባወጣው ኤክስኤም6 ማጠፊያውን መልሶታል።

የጆሮ ጤናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 90 ዴሲቤል ሲሆን ግን የሚፈቀደው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ጫጫታ ውስጥ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ከጫጫታው በላይ ያደርጋል። ጉርምርምታው ሲነሳለት ዝቅ አድርጎ ይሰማል፤ ዕቃው ለጆሮ የሚያደርገው ትልቁ ውለታ ይኸው ነው። መንገድ ሲሻገሩ ግን ማጥፊያውን ያጥፉ፤ ወይም የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን የሚያስገባውን አማራጭ ያብሩ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ሞተር ቺፗ በደንብ ከምታጠፋቸው ድምፆች አንዱ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ስፖንጁን ይገልብጥ። ቆዳ መሰሉ ልባስ ጥቂት ዓመት ሲሠራ ይሰነጣጠቅና ጥቁር ጥቁሩ ጆሮ ላይ እየተላጠ ይቀራል፤ ያኔ መግጠሙም ያበቃል። ስፖንጅ ይቀየራል፣ ውድም አይደለም። ሲቀይሩት ግን ውፍረቱና የውስጥ ቀዳዳው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የውስጠኛው ማይክሮፎን የተስተካከለው ለዚያ ልክ ነውና፣ ወፈር ያለ ምቹ ስፖንጅ ገዝቶ የገጠመ ሰው ምቾቱን አግኝቶ ፀጥታውን ያጣል።