የዓለም ታላላቅ መጻሕፍት ትምህርትና የአዳማ ተማሪ

መንግሥታት ተነሥተው ሲወድቁ፣ ቋንቋዎችም እየተለወጡ ሲሄዱ፣ ከአንባቢ እጅ ሳይጠፉ እስከ ዘመናችን የደረሱ መጻሕፍት በየአሕዛቡ ዘንድ አሉ። የግሪኩ ሆሜር የትሮያን ጦርነት የተረከበት «ኢሊያድ»፣ የሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ»፣ የዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ»፣ የሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ»፣ የሼክስፒር ተውኔቶችና የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ከእነዚህ ይቈጠራሉ። እነዚህን በመምህር መሪነት፣ በሥርዓትና በደረጃ ማንበብ፣ መፍታትና መመዘን ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ የአዳማ ወጣቶች ይህን ትምህርት እንዲያውቁት እመኛለሁና ባሕርዩን በአጭሩ ልገልጽ ወደድሁ።

ዘመናዊው የከፍተኛ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረ ጊዜ ነው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነት ከፍ ብሎ፣ በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ከተተከለ በኋላም፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ጥናት ከዐበይት ዘርፎቹ አንዱ ሆኖ ዘልቋል። «አደፍርስ»ን የደረሰው ዳኛቸው ወርቁ በዚያ ካስተማሩት አንዱ ነበር።

የትምህርቱ አካሄድ እንዲህ ነው። ተማሪው አስቀድሞ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ሌላ ሰው አሳጥሮ የጻፈው ሐተታ ምንባቡን አይተካለትምና። ቀጥሎ መምህሩ ድርሰቱ የተጻፈበትን ዘመን፣ የደራሲውን ሕዝብ እምነትና ሥርዓት፣ የአጻጻፉንም ዘይቤ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይከፈታል፤ አንዱ ተማሪ ኤዲፐስን የጣለው አስቀድሞ የተነገረበት ትንቢት ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ እውነቱን አሟጦ ለማወቅ የነበረው ችኰላ ነው ብሎ ይሞግታል፤ ሁለቱም ግን አሳባቸውን ከመጽሐፉ ቃል እየጠቀሱ ማጽናት ግድ ይሆንባቸዋል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ብያኔውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለመምህሩ ያቀርባል።

ይህ አካሄድ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ቤት ብሉዩንና ሐዲሱን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን የሚያስተምሩት መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል በአንድም በሁለትም በሦስትም መንገድ እየፈቱ፣ ደቀ መዝሙሩም ያን ሁሉ በሕሊናው ይዞ እንዲመዝን ሲያደርጉ ኖረዋል። ልዩነቱ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ከተቀበለው ትርጓሜ ወጥቶ የራሱን እንዲያመጣ አብዝቶ መጠየቁ ላይ ነው።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ እንግዶቻችን ብቻ አይደሉም። የታላቁን የእስክንድርን ዜና አባቶቻችን በግዕዝ አንብበውታል። የመን ተወልደው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱት አባ ዕንባቆም «በራላም ወይዋሴፍ»ን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ከዐረብኛ ሲተረጕሙ፣ መነሻው በህንድ የቡድሃ ዜና ሕይወት የሆነው ትረካ በብዙ ቋንቋዎች ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። የሶቅራጥስና የአፍላጦን ነው የተባለውን ምክር የያዘው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»ም በአባ ሚካኤል እጅ ግዕዝ ለብሷል። ይህን የመሰሉትን መጻሕፍት በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት ክላውድ ሰምነር መርምረው፣ በእንግሊዝኛ ተርጕመው ለዓለም አስተዋውቀዋል። በሌላ ወገን ሆሜር ራሱ አማልክቱ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ መሄዳቸውን ይተርካል፤ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ልብ ወለድ የኢትዮጵያ ልዑል በሆነው በራስላስ ስም ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መለሰው።

ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የዲከንስንና የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለዶች ወደ አማርኛ ያሻገሩት በዚሁ በቀደመ መንገድ ነው። የባዕድን መጽሐፍ በክብር ተቀብሎ፣ በገዛ ቋንቋ መርምሮ፣ የራስ ሀብት ማድረግ ከአባቶቻችን የወረስነው የሊቅነት ሥራ ነው።

አዳማ የምትገኝበት የስምጥ ሸለቆ አገርም የመጻሕፍትን ክብር ታውቃለች፤ በባቱ አቅራቢያ በዝዋይ ሐይቅ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችው ደብረ ጽዮን የብራና መጻሕፍትን በውኃ ተከልላ ስትጠብቅ ኖራለችና። አዳማ ግን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የያዘ ተቋም ባለቤት ናት፤ ስሙ እንደሚናገረው ዐይኑ በምሕንድስናና በተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ነው። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን መንገድ የሚቀይስ፣ ግድብ የሚያቆም፣ ፋብሪካ የሚመራ ሰው የሰውን ምኞት፣ ቅንዓት፣ ፍርሃትና ጸጸት ሳያውቅ ሥራውን በሚገባ ይፈጽማል ብዬ አላምንም፤ ሥልጣንን በክፋት የፈለገ ሰው ወዴት እንደሚደርስ ከ«ማክቤዝ» አብልጦ የሚያስተምር ሰንጠረዥና ቀመር የለምና።

ስለዚህ የአዳማ ተማሪ የሥነ ጽሑፍ ክፍል እስኪከፈትለት ወይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ እስኪገባ መጠበቅ የለበትም። አራት አምስት ጓደኞች የጸጋዬን «ኦቴሎ» በአማርኛ፣ የሼክስፒርንም በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይከራከሩበት፤ የተከራከሩበትንም እያንዳንዳቸው ጽፈው ይለዋወጡ። የከተማዪቱ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ደግሞ መጽሐፉንና መሰብሰቢያውን ቢያዘጋጁላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ትምህርት የሚሰጠውን የሥነ ጽሑፍ ጥናት ዋና ክፍል በዚያው በአዳማ ጀመሩት ማለት ነው።