ፖምፓው ከመወቀሱ በፊት

የዱሮ አውቶሞቢሎችን መለዋወጫ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች ከሁሉ የሚከብደው ኪሣራ፣ በሽታው ሳይለይ ከታዘዘ ዕቃ የሚመጣው ነው። ዋጋው የከበደ የቤንዚን ፖምፓ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ይገጠማል፤ ሞተሩ ግን ያው እንደ ቀድሞው ይንገራገጫል። ገዢው ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ሻጩም ከገንዘቡ ጋራ እምነቱን ያጣል።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ ኤስ ኤል ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ በ230፣ በ250 እና በ280 ስም በቁጥር 48,912 ተሠርቷል። ሞተሩ ካርቡራቶር የለውም፤ በእርሱ ፈንታ ቦሽ የሠራው ፖምፓ ለስድስቱ ሲሊንደሮች ቤንዚኑን እየመጠነ በግፊት ይልካል። ፖምፓው ጽኑ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእርሱ ውጭ ነው። ስለዚህ ምርመራው በሚከተለው ተራ ቢካሄድ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ካንዴላውና ፑንቲናው ይታዩ፤ የቤንዚን ጉድለት የሚመስለው ሕመም አዘውትሮ ከዚህ ይነሣልና።

በሁለተኛ፣ የሚመጣው ቤንዚን ይለካ። ሞተሩ ሳይነሣ የኤሌክትሪክ ፖምፓው ብቻ ሲሠራ፣ በመመለሻው ቱቦ በ15 ሴኮንድ አንድ ሊትር መውረድ አለበት። ካነሰ ፊልትሮው ወይም የሰልባትዮው ማጥለያ ተደፍኗል፤ አለዚያም የኤሌክትሪክ ፖምፓው ደክሟል። ይህ ሥራ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ስፍራ ይፈጸም።

በሦስተኛ፣ ከነዳጅ መርገጫው የሚነሡት ዘንጎች ይመርመሩ። የአየር መክፈቻውና ፖምፓው በአንድነት ከማረፊያቸው ተነሥተው በአንድነት ካልተመለሱ ሚኒሞው አይረጋም።

በአራተኛ፣ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በፖምፓው ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ማጣሪያ በጣት ትሸፈን። አየር መሳብዋን ካልተወች፣ በሞተሩ ውሃ ሙቀት የሚታዘዘው ቴርሞስታት ደክሟል ማለት ነው። ሞተሩም እንደ ብርድ ጊዜ ትርፍ ቤንዚን ይቀበላል፤ ጥቁር ጢስና የበዛ ወጪ ከዚህ ይመጣል።

በአገራችን ደጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ፖምፓው በአየር ክብደት የሚሠራ መሣሪያ አለው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ቤንዚኑን ይቀንሳል። ከተበላሸ ግን ለቆላ የተስማማው መጠን በደጋ ይበዛል።

በፖምፓው ላይ ያለው የሚኒሞ ማስተካከያም ሞተሩ ጠፍቶ ካልሆነ በቀር አይነካ።

ይህ ሁሉ ተፈትኖ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ፖምፓው ይወቀስ። ነጋዴውም ትእዛዙን ከመላኩ በፊት በፖምፓው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይጠይቅ፤ ለ230 የተመጠነው ለ280 አይስማማምና። አሮጌውም አይጣል፤ በባለሙያ ታድሶ ሊያገለግል ይችላል። ከመደርደሪያው ላይ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የቤንዚን ቱቦ የማይታጣበት ሱቅ፣ ደንበኛውን ከትልቅ ወጪ አድኖ ለራሱም የማያቋርጥ ገበያ ያገኛል።