የስፌት መኪና በሥራ ቦታ፦ የወረታ ለማጅ ከስፌት በፊት ሊያውቀው የሚገባ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ወረታ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት የፎገራ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ስሟ ዘወትር የሚነሣው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ በሚያጠጡት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከሚመረተው ሩዝ ጋር ነው። ሩዝና ልብስ ስፌት የሚገናኙ ባይመስሉም፣ የከተማዋ ልብስ ሰፊ የሥራ ወራት የሚወሰኑት በገበሬው እጅ ገንዘብ በሚገባበት ጊዜ ነው። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ገበያ ሲወጣ የገናና የጥምቀት ልብስ፣ ቀጥሎም የጥር ሠርግ ይመጣል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ የአዲስ ዓመት ልብስና የተማሪዎች ዩኒፎርም በአንድነት ይደርሳሉ። በእነዚህ ወራት ሰፊው እስከ ሌሊት ይሠራል፣ ለማጁም እጁ ገና ሳይፈታ ከመኪና ፊት ይቀመጣል። የስፌት መኪና አደጋ በደንብ የሚገባውም ይህ ጥድፊያ ሲታሰብ ነው።

መኪናው ራሱ በሥራ ላይ ከዋለ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው መሣሪያ ነው። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተለሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 በአንድ ክር የሚሰፋ መኪና ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ፤ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 በሁለት ክር የሚያያይዘውን ስፌት አስመዘገበ፤ አይዛክ ሲንገር በ1851 ያወጣው መኪና ደግሞ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ ኢትዮጵያ ሲደርስ «ሲንጀር» የሚል ስም ይዞ ቀረ። ከእነዚህ ሁሉ ለደህንነት ጉዳይ አብልጦ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የእጅ መርፌ ቀዳዳው በጀርባው በኩል ሲሆን የመኪና መርፌ ቀዳዳው ጫፉ ላይ መሆኑ ነው። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ወግቶ ይወርዳል፣ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን ተቀብሎ በቦቢን ላይ ከተጠቀለለው የታች ክር ጋር ያቆላልፈዋል፣ ጨርቁን ከሥር የሚገፉት ጥርሶችም አንድ ስፌት ያህል ወደ ኋላ ያራምዱታል። ስለዚህ የመኪና መርፌ ጣትን ሲወጋ ክሩንና ዘይቱን ይዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ የሚያመረቅዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአነስተኛ ከተሞች የስፌት ቤቶች ውስጥ ጎን ለጎን የሚታዩት መኪናዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በእግር የሚረገጠው ሲሆን፣ ሰፊው መርገጫውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያወዛውዝ ከሥር ያለው ትልቁ መዘውር ይዞራል፣ ችንጋው (ሁለቱን መዘውሮች የሚያያይዘው ቀበቶ) ኃይሉን ወደ ላይኛው ትንሽ መዘውር ያደርሳል፤ እግሩ ሲያቆም መኪናውም ወዲያው ስለሚቆም ለጀማሪ የሚስማማ ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የፋብሪካ መኪና ነው፤ ይህ በደቂቃ እስከ 5000 ስፌት ሊሰፋ ይችላል፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ መርፌው ከ80 ጊዜ በላይ ይወርዳል። ሰው አደጋ ዓይቶ እጁን እስኪሰበስብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት መርፌው 16 ጊዜ ያህል ወርዶ ይወጣል። «ስጠነቀቅ እጄን አነሣለሁ» ብሎ በንቃት መተማመን በእግር መኪና ላይ ሊሠራ ቢችልም፣ በፋብሪካው መኪና ላይ ግን ከንቱ ነው፤ እጅ ከመጀመሪያውም የሚያርፍበት ቦታ የተለመደ መሆን አለበት።

በፋብሪካ መኪናዎች መካከል ደግሞ በሞተሩ ዓይነት የሚለያዩ አሉ። በቆየው ዓይነት፣ ማብሪያው ሲበራ ሞተሩ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፤ መርገጫው የሚያደርገው ይህን ሽክርክሪት ከመኪናው ጋር ማያያዝ ብቻ ነው። ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ሞተሩ በያዘው ጉልበት ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ስለሚቀጥል፣ መብራቱን አጥፍቶ መርፌ ሊቀይር የጎነበሰ ለማጅ እግሩ ሳይታወቀው መርገጫውን ቢነካ መርፌው ይወርድበታል። አዲሱ ዓይነት ሞተር የሚዞረው እግር ሲረግጠው ብቻ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክም ያነሰ ነው። ሆኖም ዝምታው የራሱ አደጋ አለው፣ ምክንያቱም መኪናው መብራቱ እንዳለ ምንም ድምፅ ስለማያሰማ የጠፋ ይመስላል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ሥርዓቱ አንድ ነው፦ ማብሪያውን ማጥፋት፣ የቆየው ሞተር ከሆነ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ መጠበቅ፣ እግርን ከመርገጫው ላይ አንሥቶ መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጅን ከመርፌው ሥር ማስገባት።

በብዙ የስፌት ቤት ለማጅ የሚማረው በማየት ነው፤ ጨርቅ ያቀብላል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ይተኩሳል፣ ውሎ አድሮ ባለሙያው ሲነሣ በመኪናው ይቀመጣል። ይህ የአለማመድ ሥርዓት ብዙ ጥሩ ሰፊዎችን ያፈራ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ለማጁ የሚያየው መኪናው ሲሰፋ ነው፣ ባለሙያው ክር ሲያስገባ፣ መርፌ ሲቀይርና ቦቢን ሲያወጣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግን አያይም፣ እንዲያይም የሚነግረው የለም። ጨርቁ በሚሰፋበት ጊዜ ሁለቱም እጆች ከመርፌው ግራና ቀኝ ጠፍጠፍ ብለው ሥራ ላይ ናቸው፤ መኪናው በቆመ ጊዜ ግን ጣቶች በቀጥታ ከመርፌው ሥር ይገባሉ። ስለዚህ ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከማቆም ነው። ክር የሌለበት መኪና ላይ፣ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት እየተሰፋ፣ በቀስታ መጀመርና በታዘዘበት ነጥብ ላይ ማቆም፣ ካቆሙም በኋላ እግርን ማንሣት እስኪለመድ ድረስ ጨርቅ መስጠት አያስፈልግም። በወረቀቱ ላይ መርፌው የሚተወው የቀዳዳ ረድፍ ከመስመሩ መውጣቱን በግልጽ ስለሚያሳይ፣ ለማጁ ፍጥነቱን ራሱ ይመዝነዋል። ክር ማባከን፣ ጨርቅ ማበላሸትም የለበትም።

የመኪናው መከላከያዎች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ምክንያት አላቸው። በመርፌው ፊት የሚታጠፈው ቀጭን ሽቦ ጣት ወደ መርፌው እንዳያልፍ ይገታል፤ ከዓይን ትይዩ የሚደረገው ግልጽ ፕላስቲክ መርፌ ተሰብሮ ሲፈናጠር ፊትን ያድናል፤ ችንጋውን የሚሸፍነው ክዳን ጣት፣ ጸጉርና ልብስ በመዘውሩ እንዳይያዙ ያደርጋል። ሥራ ያፈጥናል ተብሎ አስቀድሞ የሚነቀለው የጣት መከላከያው ሽቦ ነው፣ ልማዱም አደገኛ ነው። የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ በሚዘመዝመው ኦቨርሎክ ላይ ከመርፌ በተጨማሪ ስለት ስላለ ክዳኑን ከፍቶ መስፋት ይበልጥ ያሰጋል።

ስለ አለባበስ የውጭ መመሪያዎች ስለ ከረባትና ስለ ረጅም እጅጌ ይናገራሉ፤ በፎገራ አካባቢ ግን ትኩረት የሚሻው ነጠላ፣ ሻሽና በአንገት ላይ የተንጠለጠለ ረጅም ማተብ ነው። ሰፊዋ ወደ ጨርቁ ስታዘነብል የነጠላዋ ጫፍ ወደ ቀኝ ቢንሸራተት የሚወድቀው በትክክል መዘውሩና ችንጋው ላይ ነው። ነጠላውን ወገብ ላይ ማሰር፣ ማተቡን ከልብስ ውስጥ ማስገባት፣ ጸጉርን መሰብሰብ ቀላል ነገሮች ናቸው፣ ግን ሥራ ሳይጀመር መደረግ አለባቸው።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ ነው። መብራት ሲሄድ ብዙዎች ማብሪያውን እንደበራ ትተው ይነሣሉ፤ መብራቱ ሲመለስ የቆየው ዓይነት ሞተር ሰው ሳያዝዘው ይነሣል፣ በዚያን ጊዜ መርገጫው ላይ የተቀመጠ የጨርቅ ክምር ወይም ከሥር የሚጫወት ሕፃን ሊኖር ይችላል። መብራት በሄደበት ቅጽበት ማብሪያውን ማጥፋት፣ ሶኬቱን መንቀል ለማጅ ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ መሆን ይኖርበታል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ውኃው አለ፤ ፎገራ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ያለ ከባድ ጎርፍ የሚያውቅ ሜዳ ነው፣ በተራ ዓመትም ቢሆን ጭቃና እርጥበት በደንበኛው ጫማ ተሸክሞ እስከ መኪናው እግር ይደርሳል። ወለል ላይ የተዘረጋ፣ በፕላስተር የተቀጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ በእርጥብ ወለል ላይ ሲያልፍ መኪናው ብረት በመሆኑ ሰፊውን ሊይዘው ይችላል። ገመዱ በግድግዳ በኩል ከፍ ብሎ እንዲያልፍና የመሬት ሽቦ እንዲኖረው ባለሙያ ማስጠራት፣ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝም አስቀድሞ ኃይሉን ሳያቋርጡ ሰውየውን አለመንካት ግድ ነው።

እሳትም ከስፌት ቤት አይርቅም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ወለሉን ይሞላል፣ የከሰል ካውያ ፍም ይዞ በአጠገቡ ይቀመጣል፣ ለሠርግ የታዘዘው ጨርቅ ክምር ደግሞ ብቸኛዋን በር ያጠብባል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ እሳቱን ያዛመተው የተጠራቀመው ቁርጥራጭ፣ ማምለጫ ያሳጣቸውም የተቆለፈው በር ነበር። ቁርጥራጩን በየማታው ማውጣትና በሩን ክፍት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። የከሰል ካውያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሠራበት ደግሞ እሳት ባይነሣ እንኳ ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ይመርዛል።

ቀስ እያለ የሚመጣው ጉዳት ደም ስለማያፈስ ይረሳል። ወንበሩ ዝቅ ሲል ትከሻ ይነሣል፣ ከፍ ሲል አንገት ይጎብጣል፤ ክርኑ ከጠረጴዛው ጋር እኩል እንዲያርፍና እግሮቹ መርገጫውን ያለ መንጠራራት እንዲያገኙ ማስተካከል፣ በየሰዓቱም ተነሥቶ መንቀሳቀስ ይበቃል። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር በምሽት መስፋት ዓይንን ክፉኛ ስለሚያደክም፣ በመርፌው ላይ የሚያርፍ ለብቻው የሆነ መብራት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ ተደርጎም መርፌ ጣትን ሊወጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማብሪያው ይጠፋል፣ ጣቱ አይጎተትም፣ መዘውሩ በእጅ በቀስታ ዞሮ መርፌው ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ ከዚያ ቁስሉ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። መርፌው ከተሰበረ ስብራቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ይገጣጠማሉ፤ አንዱ ከጎደለ በጣቱ ወይም በሚሸጠው ልብስ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ ምርታቸውን በዓለም ገበያ የሚሸጡ ፋብሪካዎች የተሰበረ መርፌን በመዝገብ የሚይዙትና ስብራቱ ካልተገኘ ልብሱን የማይለቁት በዚህ ምክንያት ነው። በጣት ውስጥ የቀረ ስብራትን በመቆንጠጫ መፈለግ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስለመውሰድም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕጉ በሥራ ላይ ደህንነት ጉዳይ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደጋ መመሪያ የመስጠትና መከላከያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት፣ በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው በዚያ መከላከያ የመጠቀም ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሠራተኛነት ሊቀጠር አይችልም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራና በሌሊት እንዳይሰማራ ተከልክሏል። ኢትዮጵያ የሥራ ላይ ደህንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ይህ ሁሉ በ2009 ዓ.ም. እንደ ተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ትልቅ የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ ሊያገኝ ይችላል፤ በሁለት መኪና በሚሠራ የወረታ ስፌት ቤት ግን ሕጉን የሚያስፈጽመው በተግባር የቤቱ ባለቤት ነው። ለማጁም ብዙውን ጊዜ የእህት ወይም የጎረቤት ልጅ ስለሆነ ዕድሜው፣ ሰዓቱና ድካሙ በዝምድና ይሸፈናል፤ ይህ ዝምድና ልጁን የሚጠብቅ እንጂ የሚያጋልጥ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ለነሐሴና ለጳጉሜ ዩኒፎርም አዲስ እጅ የሚፈልግ ሰፊ ለማጁን በሐምሌ ይቀበል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ክር በሌለበት መኪና፣ በወረቀት ላይ ያለማምደው፣ የተነቀለውን የጣት መከላከያም መልሶ ይግጠም።