ቢስሙዝ፣ ድኝና ኦክስጅን፦ በንጣፎቹ መካከል ምን አለ?

ቢስሙዝ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ የእርሳስ ጎረቤት የሆነ ከባድ ብረት ነው፤ መርዛማነቱ ግን ከጎረቤቱ እጅግ ያነሰ ነው። ከድኝና ከኦክስጅን ጋር በሚሠራቸው አንዳንድ ውህዶች ውስጥ አተሞቹ መሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ በንጣፍ በንጣፍ ይደረደራሉ።

በ2012 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ዮሺካዙ ሚዙጉቺና ባልደረቦቹ በዚህ የውህዶች ቤተሰብ ውስጥ ሱፐርኮንዳክተሮች (በጣም ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ የሚያስተላልፉ ቁሶች) ማግኘታቸውን አሳወቁ። ላንታነም የተባለ ብረት ያለበትን ውህድ እንይ። አንዱ ንጣፍ ላንታነምና ኦክስጅን፣ ቀጣዩ ቢስሙዝና ድኝ ነው። እንዲሁ ሲተው ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። የኦክስጅኑ ግማሽ በፍሎሪን ሲተካ ግን ታሪኩ ይለወጣል፦ ፍሎሪን የሚፈልገው ኤሌክትሮን ከኦክስጅን በአንድ ስለሚያንስ፣ ትርፉ ወደ ቢስሙዝና ድኝ ንጣፍ ይሻገራል። በከፍተኛ ግፊት በተዘጋጀው ናሙና ሬዚስታንሱ በ10.6 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 262 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ማሽቆልቆል ይጀምራል።

ከከፍተኛ ግፊቱ በፊት ናሙናው እንዴት ይዘጋጃል? የጥሬ ዕቃዎቹ ዱቄቶች በትንሽ ሙቀጫ ይደባለቃሉ፤ እንደ ክኒን ተጨምቀው፣ አየሩ በተመጠጠ የኳርትዝ ቱቦ ታሽገው ምድጃ ይገባሉ። ማሸጉ ለምን? ድኝ በ445 ዲግሪ ይፈላል፤ ምድጃው ግን ከዚያ በእጅጉ ይሞቃል። ክፍት ቢሆን ድኙ ተንኖ ያልቃል፣ የአየሩ ኦክስጅንም ገብቶ የንጥረ ነገሮቹን ምጣኔ ያበላሻል። በችኮላ ከሞቀ ደግሞ የድኙ እንፋሎት ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ላቦራቶሪ ለምትገቡ ተማሪዎች ምክሬ ይህ ነው፦ ሙቀቱን ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ መነጽራችሁንም አታውልቁ።