ማጅራት ሲያዝ፤ በቤት ስለ መታሸት

ለመንግሥት ሥራ ከጐንደር ወደ ድብ ባሕር የወረደ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አይረሳውም። መኪናው ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ከገደሉ ላይ የቈረጡትን መንገድ ሲወርድ፣ ተሳፋሪው እንዳይወድቅ ትከሻውን አጠንክሮ ይይዛል። ማታ ደግሞ ባልለመደው ትራስ ላይ ያድርና ጧት ዐንገቱ አልዞር ይለዋል። እኔም ይኸው ደርሶብኝ፣ ያሳደሩኝ ወይዘሮ ቅቤ ሊያሞቁ ሲነሡ፣ ጐረቤታቸው ግን «ወጌሻ ይጠራና ይጠምዝዘው» አሉ። ከሁለቱ ምክር የቱን መቀበል እንደሚገባ አንባቢው ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ዐንገት የሰባት አከርካሪ ዐጥንቶች ድርድር ነው። በነዚህ ላይ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝነው ራሳችን ተቀምጧል፤ በውስጣቸውም ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ራስ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሸክሙን በብዛት ዐጥንቱ ይችለዋል። በመዝገብ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ላይ ባጎነበስን ጊዜ ግን ሸክሙ ከማጅራት እስከ ትከሻ በተዘረጉት ጡንቻዎች ላይ ይወድቃል። እነርሱም ሲደክሙ ይኰማተራሉ። መታሸት የሚያላላው ይህን ጡንቻ ነው እንጂ ዐጥንትን ወደ ቦታው አይመልስም።

ስለዚህ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጨምቀው፣ ቈዳ እንዳያቃጥል በእጅዎ ከፈተኑት በኋላ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል በማጅራትዎ ላይ ያኑሩ። ከዚያም ተደግፈው ይቀመጡና የቀኝ እጅዎን ጣቶች በግራ ትከሻዎ ላይ አሳርፈው፣ በዐንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ያለውን ሥጋ ቀስ ብለው ይሹት። የጠጠረ ቦታ ሲያገኙ ትንፋሽዎን እያወጡ ጥቂት ተጭነው ይልቀቁ። ወደ ላይም ወጥተው፣ ከራስ ቅል ግርጌ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ በሁለት አውራ ጣቶች ያሹ። ቅቤም ሆነ የኑግ ዘይት እጅን ለማንሸራተት ያገለግላል፤ መድኃኒትነቱን ግን አላጋንነውም። እጅ የማይደርስበትን የጀርባ ክፍል ኳስ በካልሲ ከትተው፣ ከግድግዳ ጋር አጣብቀው ይደገፉት። በጠቅላላው ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚህም በኋላ ዐንገትን ሕመሙ እስከ ፈቀደው ድረስ ብቻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ደግ ነው።

የዐንገትን ፊትና ጐን አይጫኑ፤ ወደ አንጐል የሚወጡት ታላላቅ የደም ሥሮች በዚያ ያልፋሉ። ወጌሻዎቻችን በወለምታ ያላቸውን ችሎታ አልንቅም፤ ነገር ግን ዐንገትን በድንገት መጠምዘዝ የደም ሥር ሊተረትር፣ ከዚያም አልፎ ሰውነትን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ሕመሙ የመጣው ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ ከሆነ፣ ክንድ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ እግር ከከዳ፣ ሽንት ካስቸገረ፣ መታሸቱን ትተው በቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከሁሉም ይልቅ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና አገጭን ወደ ደረት የማያስጠጋ ድርቀት አንድነት ከመጡ፣ ስሙ ራሱ የሚናገርለት ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል አንዲት ሌሊት እንኳ አያሳድሩት። ለወራት ለሚመላለሰው ሕመም ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ። በ1947 ዓ.ም. በጐንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ዛሬ ጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እንዲህ ያሉትን ባለሙያዎች ያሠለጥናል።

በድብ ባሕር ወጌሻው ሳይጠራ ቀረ። ወይዘሮዋ ባሞቁት ቅቤ ማጅራቴን በገዛ እጄ እያሸሁ ሰነበትሁና በሦስተኛው ቀን ዐንገቴ ዞረልኝ። ሊማሊሞን ስወጣ ግን ሾፌሩን ለምኜ ከፊት ወንበር ተቀመጥሁ።