በዲላና በጌዴኦ ዞን መንገዶች አነስተኛ ተሽከርካሪ ለሚያሽከረክሩ ወጣቶች የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ መንገድ ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ባጃጆችና አነስተኛ አውቶሞቢሎች ከከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች ጋር አንድ መስመር ይጋራሉ። ግጭት ሲደርስ ክብደቱ የቀለለው ተሽከርካሪ የበለጠ ስለሚመታ ጉዳቱ በውስጡ በተሳፈሩት ላይ ይበረታል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆናቸው ሰዎች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የትራፊክ አደጋ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ ለአንድ ሰከንድ ስልኩን ቢመለከት 17 ሜትር ያህል መንገዱን ሳያይ ይሄዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ተሽከርካሪው እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በቁልቁለትና በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

ስለሆነም ወጣት አሽከርካሪዎች፦

• ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለትን ሞተር አጥፍተው ወይም ማርሽ ፍሪ አድርገው ከመውረድ፣
• ከተፈቀደው የሰው ብዛት በላይ ከመጫን፣
• በኩርባና በጭጋግ ውስጥ ከመቅደም ሊቆጠቡ ይገባል።

የደኅንነት ቀበቶ ማሰር ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ሰዎችን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

አደጋ ሲደርስ ለፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው።